ከአናታቸው እየደረቁ ያሉ የተራራ ዛፎች፤ ምን እየገደላቸው ነው?

የዳገት ልጅ · እሑድ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት እየተመላለስኩ የምወጣው አንድ ተራራ አለ። መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። የትኛው ዛፍ ሥር አርፌ ውሃ እንደምጠጣ ሳይቀር የተወሰነ ነው። ጥድ ይበዛበታል፤ ከፍ ሲሉ ደግሞ ሌሎች ዛፎች ይቀላቀሉታል።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ደኑ ተለውጦብኛል። መጀመሪያ ያስተዋልኩት አንድ ትልቅ ጥድ ነው። አናቱ ላይ ቡናማ ነገር አየሁ። የአንድ ቅርንጫፍ ጉዳይ መስሎኝ አለፍኩ። በዓመቱ ስመለስ ግማሽ ጎኑ ደርቋል። ዘንድሮ ሙሉ በሙሉ ሞቶ፣ ቆሞ አገኘሁት። ያረፍኩበት ዛፍ ስለሆነ ነው መሰለኝ እንባዬ መጣ። አሁን እሱን የመሰሉት ብዙ ናቸው፤ መቁጠር አቅቶኛል።

ግራ የገባኝ ነገር አለ። አንዱ ደርቆ አጠገቡ ያለው ለምለም ነው። ከሞቱት የአንዳንዶቹ ቅርፊት ሲላጥ፣ ከሥሩ ጽሕፈት የሚመስል ቦይ ቦይ መስመር ይታያል። አብረውኝ ከሚወጡት አንዱ “ጥንዚዛ ነው የጨረሳቸው” ይላል። ሌላዋ “ኧረ ድርቅ ነው” ትላለች። ሦስተኛው “በሽታ ነው፣ እንዳትነኪው” ብሎ አስፈራራኝ።

ማን ነው ትክክል? እኔስ ደን የማስተዳድር ሰው ባልሆንም ምን ማድረግ እችላለሁ?

ጭጋግ · እሑድ ማታ

ቅርፊቱ ሥር ቦይ ካየሽ ነገሩ አልቋል። ቅርፊት ቦርቧሪ ጥንዚዛ ነው። መፍትሔውም አንድ ነው፤ የተያዘውን ዛፍ ሳይውል ሳያድር መቁረጥና ከደኑ ማውጣት።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ስፕሩስ (መርፌ ቅጠል ያለው የብርድ አገር ዛፍ) በተተከለበት ተራራ ላይ ሠርቻለሁ። አንድ የበጋ መጀመሪያ ላይ ጥቂት የተያዙ ዛፎች አይተን ሪፖርት አደረግን። የሚመለከታቸው ሰዎች “እስቲ እንየው” ብለው አቆዩት። ወቅቱ ሳያልቅ አንድ ሙሉ ጎን ደርቆ ቀይ ሆነ። ያን ቀይ ዳገት እስካሁን አልረሳሁትም።

የስፕሩሱ ጥንዚዛ እኮ አምስት ሚሊሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። አየሩ 16 ወይም 17 ዲግሪ ሲደርስ መብረር ይጀምራል። መጀመሪያ ወንዱ ገብቶ ይቦረቡርና ሌሎቹን የሚጠራ ሽታ ይለቃል። ከዚያ በመቶዎች ይመጣሉ። ዛፉ ሙጫ እያወጣ ሊያሰጥማቸው ይታገላል፤ ሲበዙበት ግን ይሸነፋል። ቅርፊቱ ሥር ያደጉት ልጆች በሞቃት ወቅት በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ለመብረር ይደርሳሉ። ዓመቱ ሞቃትና ረጅም ከሆነ እስከ ሦስት ትውልድ ያፈራሉ። ስለዚህ “እንየው” የሚባል ነገር የለም።

ሥርና ግንድ · ሰኞ ጠዋት

ወንድሜ ጭጋግ ስለ ስፕሩሱ ጥንዚዛ የጻፍከው ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን እህታችን ያየችው ጥድ ነው፤ ጥድና ስፕሩስ ደግሞ አንድ አይደሉም። በጥድ ቅርፊት ሥር የሚገቡት ጥንዚዛዎች በአብዛኛው የሚመጡት ዛፉ ከተዳከመ በኋላ ነው። የቀብር ሰዎች ናቸው እንጂ ገዳዮች አይደሉም።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በደን ሥራ ላይ ነኝ። ወጣት ሳለሁ እኔም የሞተ ዛፍ ሳይ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ቅርፊቱ ነበር። አሁን መጀመሪያ የማየው ዳገቱን ነው። የሞቱት የት የት ቆመዋል? በሕይወት ያሉትስ? ይህን ሳያውቁ ቅርፊት መላጥ ብዙ አያስተምርም።

ፖል ማንየን የሚባል የዛፍ በሽታ ሊቅ በ1981 (በዚህ ውይይት የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያስቀመጠው አስተሳሰብ አለ። አንድ ዛፍ ቀስ በቀስ ሲሞት ሦስት ዓይነት ነገሮች ተደራርበውበት ነው ይላል። አንደኛው ከድሮ ጀምሮ የሚያደክመው ነው፤ ቀጭን አፈር፣ እርጅና፣ መጨናነቅ፣ ለእሱ ሙቀት የበዛበት ከፍታ። ሁለተኛው የሚገፋው ነው፤ ከባድ ድርቅ፣ ውርጭ ወይም ቅጠል የሚጨርስ ተባይ። ሦስተኛው የሚጨርሰው ነው፤ ጥንዚዛና ሥር የሚያበሰብስ ፈንገስ። እኛ የምናየው ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ስንደርስ ቦታው ላይ የምናገኘው እሱን ነው።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የደረቁት የሚበዙት ከታች ነው ወይስ ከላይ? ይህን ሳውቅ ብዙ ነገር ልነግርሽ እችላለሁ።

የዳገት ልጅ · ሰኞ ምሳ ሰዓት

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። በልቤ ሳስበው ከታች ይመስለኛል፤ ወደ ጫፉ ስጠጋ ደኑ ደህና ነው። ግን ቆጥሬ አላውቅም።

ሥርና ግንድ · ሰኞ ማታ

ከታች ከሆነ ነገሩ ከማውቃቸው ብዙ ተራሮች ጋር ይመሳሰላል።

የተራራ ዛፍ ሁለት ድንበር አለው። የላይኛው ድንበሩ ብርድ ነው። የታችኛው ድንበሩ ሙቀትና የውሃ እጥረት ነው። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ የታችኛው ድንበር ወደ ላይ ይገፋል። ችግሩ ዛፍ መራመድ አይችልም። መቶ ዓመት የቆመበት ቦታ ሳያንቀሳቅሰው ከድንበሩ ውጭ ይጥለዋል።

በኦማን ጀበል አኽዳር ላይ ያለውን የጥድ ደን ያጠኑ ሰዎች ይህንኑ አይተዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ገደማ በታች ያለው ጥድ ተጎሳቁሏል፤ ከዚያ በላይ ያለው የተሻለ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ተዳፋት ላይ ባለው በደስአ ደንም ጥድና ወይራ በብዛት ቆመው ደርቀዋል፤ ጉዳቱ የሚከፋው ዝቅ ባለው ክፍል ነው። የሞሮኮው የአትላስ አርዝም ከ1980ዎቹ ድርቆች ወዲህ እየደረቀ ነው፤ እዚያም ቀድሞ የሚጎዳው ዝቅ ያለውና አፈሩ የሳሳበት ነው። ሦስት የተለያዩ ተራሮች ናቸው፤ የዛፉ ዓይነትም አንድ አይደለም። የአሟሟቱ አቅጣጫ ግን አንድ ነው።

በካሊፎርኒያው ሴራ ኔቫዳም ከ2012 እስከ 2016 የዘለቀው ድርቅ ከ100 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ጨርሷል። የአሜሪካ የደን አገልግሎት በአውሮፕላን ቃኝቶ በ2017 ለመላው ካሊፎርኒያ ያወጣው ቁጥር 129 ሚሊዮን ነበር። የከፋው ከተራራው ዝቅ ያለው የፓይን (እሱም መርፌ ቅጠል ያለው ዛፍ ነው) ደን ነው። እዚያ ጥንዚዛው ፓይኑን በእርግጥ ገድሏል። ግን ደኑ ለመቶ ዓመት ያህል እሳት እንዳይነካው ስለተደረገ ከልክ በላይ ተጨናንቆ ነበር። አንድ ማሰሮ ውሃ ለአምስት ሰው ይበቃ የነበረው ለሃያ ሲካፈል አስቡት። ድርቁ ሲመጣ ሁሉም ተጠማ፤ የተጠማ ዛፍ ደግሞ ሙጫ የለውም። ሙጫ ከሌለው ጥንዚዛውን በምን ይከላከላል?

ቀለበት ቆጣሪ · ማክሰኞ ጠዋት

ጋሼ ስለ ውሃው ያሉትን ልቀጥልበት። ሥራዬ ከዛፍ ግንድ ላይ እርሳስ የሚያህል ቀጭን ናሙና አውጥቶ የዕድገት ቀለበት (ዛፉ በየዓመቱ የሚጨምረውን ክብ መስመር) መቁጠር ነው። ዛፉ በዚህ አይሞትም፤ ስለዚህ አትደንግጡ።

ይህ ሥራ አንድ ነገር አስተምሮኛል። ዘንድሮ ደርቆ ያገኛችሁት ዛፍ መሞት የጀመረው ዘንድሮ አይደለም። ከሞቱት የብዙዎቹን ቀለበት ስናይ ከመሞታቸው በፊት ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለአሥርት ዓመታት እየቀጠነ መጥቷል። ከውጭ ግን አረንጓዴ ነበሩ። ብዙ ጊዜ ሁለት ጎረቤት ዛፎችን እናወዳድራለን፤ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ አልሞተም። የሞተው ከድሮ ድርቅ በኋላ ቀለበቱ ወደ ቀድሞ ስፋቱ አልተመለሰም። የዳነው ተመልሷል። “አንዱ ደርቆ አጠገቡ ያለው ለምለም ነው” ያልሽው ነገር መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ ነው። ሥሩ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ውሃ ያገኘ ዛፍና ሥሩ የአፈሩ ገጽ ላይ የቀረ ዛፍ ከላይ ሲታዩ ጎረቤት ናቸው፤ ከታች ግን የሚኖሩት የተለያየ ዓለም ውስጥ ነው።

አናቱ ለምን ቀድሞ ይደርቃል? ዛፍ ውሃን ከሥሩ ወደ ቅጠሉ የሚስበው በቀጫጭን ቧንቧዎች ነው። ውሃው ከቅጠሉ ሲተን ከላይ ይጎትታል፤ ውሃው እንደ ክር ተያይዞ ይወጣል። አፈሩ ሲደርቅና አየሩ ሲሞቅ ጉተታው ይበረታል። ከልክ ሲያልፍ ክሩ ይበጠሳል፤ ቧንቧው ውስጥ አየር ይገባል። አየር የገባበት ቧንቧ ውሃ አያወጣም። ከሥሩ በጣም የራቀው አናቱ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠማው እሱ ነው።

ዛፉ ይህን ለማምለጥ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ቀዳዳው ሲዘጋ ውሃ አይወጣም፤ ግን ምግብ የሚሠራበት አየርም አይገባም። ስለዚህ ያጠራቀመውን ይበላል። ሙጫ መሥራት ደግሞ ስንቅ ይጠይቃል። ጋሼ “የተጠማ ዛፍ ሙጫ የለውም” ያሉት ለዚህ ነው።

ጭጋግ · ማክሰኞ ማታ

ሁሉንም አነበብኩ። ጥድ ላይ መቸኮሌን እቀበላለሁ። ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ዋናው ምክንያት ድርቅና ሙቀት ነው ካልን፣ ደን ጠባቂው ምን በእጁ ይቀራል? ዝናብ ማዝነብ አይችልም። ጥንዚዛውን ግን ሊደርስበት ይችላል። “ጥንዚዛው የመጨረሻው ነው” የሚለው ቃል ሰውን እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ እንዳያደርገው እፈራለሁ።

ደግሞም ጥንዚዛው ራሱ ዋና ገዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የካናዳዋን ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተመልከቱ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተራራ ፓይን ጥንዚዛ 18 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ደን ነካ። ጤነኛ፣ የቆሙ፣ የደረሱ ዛፎችን ሳይቀር ነው የጣለው። የጥንዚዛው እጭ (ገና ያላደገው ትል) ከቅርፊቱ ሥር ሆኖ ሰውነቱ ውስጥ ውርጭ የሚከላከል ፈሳሽ ያጠራቅማል። እሱን ለመግደል ከዜሮ በታች ወደ 40 ዲግሪ የሚጠጋ ብርድ ለቀናት ያስፈልጋል። ያ ብርድ ድሮ ይመጣ ነበር፤ በኋላ መምጣቱን ተወ። ሲበዛ ደካማ ዛፍ መፈለግ አያስፈልገውም፤ ያገኘውን ነው።

ሥርና ግንድ · ማክሰኞ ማታ

ልክ ነህ፤ ይህን ብታነሳው ጥሩ ነው። ቁጥራቸው አንድ ደረጃ ካለፈ ጥንዚዛዎች ጤነኛውንም ይጥላሉ። ከዚያ ደረጃ በፊት መድረስ ትርጉም አለው። እጅ ይታጠፍ አላልኩም። መጥረቢያ ከመነሳቱ በፊት ዛፉ ይታይ ነው የምለው።

ከሥራዬ የማውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ጊዜ ሰዎች ተደናግጠው የሚቆርጡት ግራጫ የሆነውን፣ ቅርፊቱ የረገፈውን ዛፍ ነው፤ ምክንያቱም ሞቱ ጎልቶ የሚታየው እሱ ነው። ከዚያ ዛፍ ግን ጥንዚዛው ከሄደ ቆይቷል። ውስጡ የቀሩት ጥንዚዛውን የሚበሉ ሌሎች ነፍሳት ናቸው። ግራጫውን ስትቆርጡ የገዛ ወዳጆቻችሁን ነው የምታወጡት። ጥንዚዛው ያለው ገና አረንጓዴ በሆነው፣ ግንዱ ሥር እንደ ቡና ዱቄት ያለ ብናኝ በተከመረበት ዛፍ ላይ ነው። እሱን ለማግኘት ደግሞ በእግር እየዞሩ ግንድ በግንድ ማየት ያስፈልጋል። አድካሚ ነው፤ ሌላ አቋራጭ አላውቅም።

ወፍ ተመልካች · ረቡዕ ጠዋት

የሞቱት ዛፎች ላይ ሌላ ዓይን ልጨምር።

በጀርመን የባየሪሽ ደን ብሔራዊ ፓርክ በ1983 ማዕበል ብዙ ስፕሩስ ጣለ። የፓርኩ ሰዎች ከባድ ውሳኔ ወሰኑ፤ የወደቀው እንዳለ ይተው አሉ። በ1990ዎቹ ጥንዚዛው ተነሥቶ ከፍ ያለውን ደን በሰፊው አደረቀ። የአካባቢው ሰው ተቆጣ። ደናችንን ገደላችሁት አለ። እውነትም ፎቶውን ያየ ሰው ያን ጊዜ ያዝናል፤ ዳገቱ ሁሉ ግራጫ ግንድ ነበር።

ዛሬ ከእነዚያ ግንዶች መካከል ወጣት ደን ቆሟል። ማንም አልተከለውም። ብዙው ስፕሩስ ነው፣ መሐል መሐሉ ሌላ ዛፍ አለ። ቁመቱ እኩል አይደለም፤ ዕድሜውም እንዲሁ። የወደቀው ግንድ እርጥበት ይዞ ለችግኙ አልጋ ሆነ። ሞተው የቆሙ ዛፎች ካልበዙ የማይኖሩ ግንደ ቆርቁሮች፣ ፈንገሶችና ጥንዚዛዎችም ተመለሱ። እኔ ግንደ ቆርቁር የምከታተል ሰው ነኝ። “ንጹሕ” በተባለ ደን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ዞሬ አንድም ሳልሰማ የተመለስኩባቸው ቀናት አሉ።

ሥርና ግንድ · ረቡዕ ምሳ ሰዓት

እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት። ያው ፓርክ ከጎረቤት ደን ጋር በሚዋሰንበት ጠርዝ ላይ በጥንዚዛ የተያዙትን ይቆርጣል፤ ጥንዚዛው ወደ ሌላ ሰው ደን እንዳይሻገር። መሐሉን ለተፈጥሮ ትቶ ጠርዙን ይጠብቃል። ስለዚህ ጭጋግም ወፍ ተመልካችም በአንድ ተራራ ላይ ቦታ አላችሁ።

የሥር ውርጭ · ረቡዕ ማታ

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ አንድ ታሪክ ላካፍላችሁ ወደድኩ። ይህ ነገር ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል የገባኝ በእሱ ነው።

በአላስካ ደቡብ ምሥራቅ ቢጫ ሴዳር የሚባል ዛፍ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ በሰፊው ሲሞት ኖሯል። ተመራማሪዎች ፈንገስ ፈለጉ፣ ነፍሳት ፈለጉ፤ ጥፋተኛ የሚሆን አላገኙም። በመጨረሻ መልሱ በረዶ ሆኖ ተገኘ፤ በተለይ የበረዶው መቅረት። ይህ ዛፍ ሥሩ ለአፈሩ ገጽ ቅርብ ነው፤ በክረምት መጨረሻ ደግሞ ቀድሞ ይነቃል። ድሮ መሬቱን የሚሸፍነው ወፍራም በረዶ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሥሩን ይጠብቀው ነበር። አየሩ ሲሞቅ በረዶው ሳሳ። ከዚያ ድንገተኛ ውርጭ ሲመጣ የተራቆተውን ሥር አቃጠለው። አየሩ በመሞቁ ዛፉ በብርድ ሞተ ማለት ነው።

ሲሰሙት ግራ ያጋባል። ዳገቱን ያዩ ሰዎች ግን ደረሱበት፤ በረዶ በሚቆይበት ከፍታ ላይ ያለው ሴዳር ደህና ነበር።

ቀለበት ቆጣሪ · ረቡዕ ማታ

ይህን ስሰማ የሃዋይ ኦሂአ ትዝ ይለኛል። በማውና ሎአና በማውና ኬአ ተዳፋት ላይ ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ኦሂአ የሚባለው ዛፍ በሰፊው ደረቀ። ሁሉም በሽታ ነው ብሎ ፈራ። ተመረመረ፤ ዋና ገዳይ የሚባል ተባይም በሽታም አልተገኘም። ዲተር ሙለር ዶምቧ የተባለው የሥነ ምኅዳር ሊቅ ሌላ ማብራሪያ አመጣ። በአንድ የእሳተ ገሞራ አለት ላይ በአንድ ዘመን አብረው የበቀሉ ዛፎች አብረው ያረጃሉ፤ አፈሩ ውሃ ሲያቁር ወይም ምግቡ ሲሟጠጥ አብረው ይወድቃሉ አለ። ከሥራቸውም ወጣት ኦሂአ እየበቀለ ነበር።

ከ2010 በኋላ ግን በዚያው ደሴት፣ ያው ዛፍ በሌላ መንገድ መሞት ጀመረ። አንድ ዛፍ በሳምንታት ውስጥ ቅጠሉ ሁሉ ይደርቃል። “እንደ ድሮው ነው” ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ሲመረመር ግን በእርግጥ ገዳይ ፈንገስ ሆኖ ተገኘ። በ2018 ሁለት አዳዲስ የፈንገስ ዝርያዎች ተብለው ስም ወጣላቸው። በቁስል ይገባል፤ በመሣሪያ፣ በጫማ ጭቃና በጥንዚዛ ብናኝ ይዛመታል።

አንድ ዛፍ፣ አንድ ደሴት፣ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ሞቶች። የዳገት ልጅ፣ ያ “በሽታ ነው” ያለሽ ጓደኛሽ ምናልባት አልተሳሳተም። ሳይመረመር አይታወቅም። ስለዚህ ከአንዱ ደን ወደ ሌላው ስትሄጂ የጫማሽን ጭቃ በብሩሽ አራግፊ፤ ሶሉን በ70 ፐርሰንት አልኮል እርጪው። ሃዋይ ላይ ተጓዦች እንዲያደርጉት የሚጠየቁት ይህንኑ ነው። ትንሽ ሥራ ናት፤ ማንም ሰው ሊያደርጋት ይችላል።

ችግኝ · ሐሙስ ጠዋት

አዲስ አባል ነኝ። ጥያቄ አለኝ። ዛፎቹ ከሞቱ ለምን ወዲያው ሌላ አንተክልም? እኔና ጓደኞቼ ቅዳሜና እሑድ ሄደን ብንተክል ደስ ይለናል።

ሥርና ግንድ · ሐሙስ ማታ

ልባችሁ ጥሩ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው አያሳጣን። ግን መጀመሪያ ጎንበስ ብላችሁ መሬቱን እዩ። ከሞተው ዛፍ ሥር ጣት የምታክል ችግኝ ካለች ደኑ ራሱ ጀምሯል ማለት ነው። ስትቆፍሩና ስትረግጡ እሷኑ ልታጠፉ ትችላላችሁ። የጥድን ዘር ወፎች ፍሬውን በልተው ይዘሩታል፤ ብዙ ጊዜ የሚበቅለውም ቁጥቋጦ ጥላ ሥር ነው። “እናጽዳው” ብላችሁ ቁጥቋጦውን መንጥራችሁ ችግኙን ፀሐይ ላይ እንዳታወጡት።

ችግኝ ፈጽሞ ከሌለ ደግሞ ለምን እንደሌለ ጠይቁ። ከብት ወይም የዱር እንስሳ ከበላው የምትተክሉትንም ይበላዋል። ያኔ ከተከላ ይልቅ አጥር ይሻላል።

የምትተክሉም ከሆነ የሞተውን ዓይነት ብቻ መልሳችሁ አትትከሉ። የጀርመኑ ሃርዝ ተራራ ላይ ስፕሩስ ለብቻው በሰፊው ተተክሎ ነበር፤ ብዙውም ለዛፉ በማይስማማ ዝቅተኛ ቦታ። ከ2018 ጀምሮ ድርቅ ተከታትሎ ሲመጣ ጥንዚዛው አንዱን ጨርሶ ወደ ጎረቤቱ ለመሻገር የሚያግደው አልነበረም። በመላው ጀርመን ከ2018 መጀመሪያ እስከ 2021 ጸደይ ድረስ 500,000 ሄክታር ገደማ ደን ጠፍቷል። ዓይነቱ የተቀላቀለ ደንም በድርቅ ይጎዳል፤ ግን ሁሉም በአንድ ቀን አይወድቅም።

ጭጋግ · ሐሙስ ማታ

አንድ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። በ1980ዎቹም ጀርመኖች “ደናችን ሊሞት ነው” ብለው ነበር። አልሞተም። አሁንስ ያው ፍርሃት አለመሆኑን በምን እናውቃለን?

ሥርና ግንድ · ዓርብ ጠዋት

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው በልቡ ይዞት ይዞራል፤ በግልጽ መጠየቅህ ጥሩ ነው።

ያኔ የተፈራው ነገር ሁሉ አልደረሰም፤ እውነት ነው። ግን ሁለት ነገር አትርሳ። አንደኛ፣ በእርግጥ የሞተ ደን ነበር። በጀርመን፣ በቼክና በፖላንድ ድንበር ላይ ያሉት ተራሮች፣ በተለይ የኦር ተራሮች፣ ከቡናማ ከሰል ማመንጫዎች በሚወጣ የድኝ ጭስ ዳገት በዳገት ተራቁተዋል። ሁለተኛ፣ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1985 በሄልሲንኪ አገሮች የድኝ ልቀታቸውን በ30 ፐርሰንት ለመቀነስ ተፈራረሙ፤ ጭስ ማውጫዎች ላይ ማጣሪያ ተገጠመ፤ ድኙ ቀነሰ። ሌላ ቦታ ደግሞ መርፌ ቅጠሉ ቢጫ የሆነው በማግኒዚየም እጥረት መሆኑ ተደረሰበትና ማግኒዚየም ያለው ኖራ ሲረጭ ብዙው አገገመ። አንድ ስም የተሰጠው ነገር ብዙ የተለያየ ሕመም ነበር። እያንዳንዱ ሲታወቅ የየራሱ መድኃኒት ተገኘለት።

የአሁኑ ከበድ የሚለው ጭስ ማውጫ ላይ በሚገጠም ማጣሪያ ብቻ የማይቆም ስለሆነ ነው። ሆኖም የተጨናነቀውን ማሳሳት፣ አፈሩን ከመሸርሸር መጠበቅ፣ ችግኙን ከእንስሳ መከላከል፣ ይህ ሁሉ በእጃችን ነው። ከላይ “ምን በእጁ ይቀራል” ላልከው መልሴ ይህ ነው።

የዳገት ልጅ · ከሦስት ሳምንት በኋላ

ተመልሻለሁ። ሄጄ ሁለት ቀን አደርኩ። በስልኬ ከፍታ እየመዘገብኩ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ዛፎች አንድ በአንድ አየሁ።

ጋሼ፣ እንዳሉት ነው። ከታች ጀምሮ እስከ አንድ ከፍታ ድረስ የደረቀው ይበዛል፤ ከዚያ በኋላ በድንገት ይቀንሳል። መስመር የተሰመረ ይመስላል። አሥራ አንድ ዓመት ስመላለስ አላየሁትም። ከመስመሩ በታችም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። ፀሐይ በሚበረታበት ጎንና አለቱ በወጣበት ጀርባ ላይ ያሉት ናቸው የሞቱት። ሸለቆው ውስጥ፣ ጭጋግ በሚተኛበት በኩል ያሉት ለምለም ናቸው። ያ የማርፍበት ጥድ የቆመው ጭልጥ ያለ አለት ላይ ነው። ከሥሩ አፈሩን በጣቴ ቆፈርኩት፤ መዳፌ እንኳ ሳይገባ ድንጋይ ነካሁ።

ቅርፊቱን በሚመለከት፣ ቦይ ያገኘሁት ከሞቱ በቆዩት ላይ ብቻ ነው። አናታቸው መድረቅ በጀመሩት ላይ ፈለግሁ፤ ብናኝም ቀዳዳም የለም። ወንድሜ ጭጋግ፣ ስለ ብናኙ የተባለውን አስታውሼ እያንዳንዱን ግንድ ዞሬዋለሁ።

ችግኝ ከመስመሩ በላይ አለ። ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀው አሥራ ሰባት ቆጠርኩ። ከታች ግን አንድም ጤነኛ አላገኘሁም፤ ያየሁት ሁሉ ጫፉ የተነጨ ነው።

አሁን ምን ላድርግ?

ቀለበት ቆጣሪ · በዚያው ቀን

ይህ ብዙ ባለሙያ የሌለው መረጃ ነው። እንዳይጠፋ። አርባ ዛፍ ምረጪ፤ ከመስመሩ በላይ፣ በታች፣ ከሸለቆው፣ ከጀርባው። የሞቱትን ብቻ አትምረጪ፤ ጤነኞቹ ናቸው ወደፊት የሚነግሩሽ። የእያንዳንዱን ቦታ መዝግቢ። በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር፣ ከተመሳሳይ ቦታ ቆመሽ ፎቶ አንሺ። አናቱ ምን ያህል እንደደረቀ በግማሽ፣ በሩብ እያልሽ ጻፊ። ግንዱ ላይ ሚስማር አትምቺ።

ሥርና ግንድ · በዚያው ቀን

ደኑን ለሚያስተዳድሩት ሰዎች ያን የከፍታ መስመርና የተነጩትን ችግኞች አሳዪያቸው። ሌላው ሁሉ ይቆይ፤ ከመስመሩ በታች ያለውን ጥቂት ቦታ እንዲያጥሩት ጠይቂ። በሸለቆው ያሉት እናት ዛፎች ዘር ገና ይሰጣሉ።

አደራ፣ ነፋስ ባለበት ቀን በደረቁት ሥር አትለፊ። የደረቀ ቅርንጫፍ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚወርደው።

የዳገት ልጅ · በማግሥቱ

እሺ ጋሼ። ለሚመለከታቸው ዛሬ ጠዋት ጻፍኩላቸው፤ ካርታውንም አያያዝኩ። ችግኝ፣ አንተና ጓደኞችህ አሁንም ቅዳሜና እሑድ ነፃ ከሆናችሁ ለመትከል ሳይሆን ለመቁጠር ኑ። አርባውን ዛፍ ለብቻዬ መምረጥ ከብዶኛል። የመጀመሪያው ቁጥር አንድ ያ የማርፍበት ጥድ ነው፤ ቢሞትም መዝግቤዋለሁ። ቁጥር ሁለት ከእሱ ሃምሳ እርምጃ ዝቅ ብሎ ሸለቆው አፍ ላይ ያለው ነው፤ እሱ እስከ ጫፉ አረንጓዴ ነው።